የቀጥቃጭ ልጅ

ራምላ ነው የምሠራው፣ ከእንግሊዝ ጦር መቃብር፤
ሣር አጭዳለሁ፣ ድንጋይ አጥባለሁ፣ ከሙታን ጋር ስከባበር።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። መደዳውን በስም በስሙ አውቀዋለሁ፤
ዝናብ ያደበዘዘውን ፊደል በጣቴ ዳስሼ አነብበዋለሁ።

በስድስተኛው መደዳ፣ የባሕር ዛፉ ጥላ በሚያርፍበት፣
«ማክጋዋን» ይላል አንዱ ድንጋይ፣ ሃያ ሦስት ዓመት የተቀረጸበት።
ጠያቂ አልነበረውም፤
ከጉንዳንና ከእኔ በቀር ደጁን የረገጠ የለም።

ዓርብ ዕለት፣ በሩን ልዘጋ ስል፣ አንድ ሽማግሌ መጣ፤
ፀሐይ ፊቱን ልጦታል፣ ላቡ በባርኔጣው ወጣ።
«ፊንባር እባላለሁ፤ የዚህ ልጅ ወንድም ነበር አባቴ።»
ጥቅል ወረቀት ሣሩ ላይ ዘረጋ፤
ነፋስ እንዳይወስደው ማዕዘኑን ያዝኩለት በመቀሴ፣ በጉልበቴ።
የዘር ሐረግ ነው፤ ቅርንጫፉ እንደ ጅማት የተወሳሰበ።
«ማክ ማለት ልጅ ነው፤ ጋዋን ደግሞ...» እንግሊዝኛዬ አጠረና፣ አሰበ፤
ጡጫውን ጨብጦ መዳፉን መታው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤
ጉንጩን ነፍቶ እፍ አለበት። ወናፉን አወቅሁት። አባቴ።

ቀጥቃጭ። የቀጥቃጭ ልጅ።

ካቫን በሚሉት አገር፣ ሐይቁ እንደ ተበተነ መስተዋት፣
ቀጥቃጩ ከንጉሡ ጎን ይቀመጥ ነበር አሉ በግብር ሰዓት፤
የሚታረደው ሰንጋ ጭንቅላት የእሱ ድርሻ ነው።
«ግን ይፈሩታል» አለ ሽማግሌው፤ «እሳት ያዛል ብለው።»
ኋላ እንግሊዝ መጣ፣ በባዕድ አፍ ችሎት ቆመ፤
አንዱ ወንድም «ስሚዝ» ተባለ፣ ስሙን ተርጉሞ በማሳው ከረመ፤
ሌላው ማክጋዋንን ተሸክሞ ተራራውን ተሻገረ።
ድንቹ በበሰበሰ ጊዜ መርከብ ሁለቱንም አሳፈረ፤
ሊቨርፑል አንዱን አራገፈው፣ ግላስጎው አንዱን፣
ካናዳ በረዶ ውስጥ አንዱ ቀረ።
ይኸኛው የግላስጎው ነው። መርከብ መሥሪያው ሲዘጋ ለእንጀራው ወታደር ሆነ፤
እዚህ መጣ፤ ጥይት ሳይነካው፣ በወባ ባከነ።

ምን ልበለው? በእኛ አገር፣ ከጎንደር በታች፣
ማረሻውን ተሽቀዳድመው የሚገዙት የአባቴ ደንበኞች
ቀን «እጅህ ይባረክ» ብለውት፣ ማታ «ጅብ ነው» ይሉት ነበር፤
ልጃቸው ባስነጠሰ ቁጥር ያያሉ ወደ እኛ በር።

«አንተስ? ያንተ የቤተሰብ ስም ማን ይባላል?»
ይህ ነው እንግዲህ። ስም እኛ ዘንድ ይፈስሳል፤
ጎበዜ እኔ፣ ሳህሉ አባቴ፣ ዘለለው አያቴ፤
ልጄ «ኢታማር ጎበዜ» ሊባል ነበር በቤቴ።
ሎድ አውሮፕላን ጣቢያ ግን እንቅልፍ ያጣች ጸሐፊ ነበረች፤
«የቤተሰብ ስም?» ብላ ከሦስቱ የመጨረሻውን ቸነከረች።
ዘለለው።
ስሙም እንደ ስሙ፣ እኔን ዘለለኝ፤
ልጄ የአያቴ ሆነ፣ ከስሙ ውስጥ የትም የለሁኝ።

ፊንባር ሳቀ፣ እስኪያስለው። እርሳስ አወጣ ከኪሱ፤
ጫፉ ባዶ በሆነ ቅርንጫፍ ላይ፣ «ሄዶ የቀረ» ባለው እሱ፣
ጎበዜን ጻፈ፣ ፊደሉን አሳስቶ።
ቀልድ ነው። እኔም ሳቅሁ።
ላጲስ ግን አልጠየቅሁትም ከቶ።

ማታ ኢታማር ለሰንበት ከጦር ሰፈር መጣ፤
ጫማውን ሊፈታ ሲያጎነብስ የአንገቱ ቆርቆሮ ከሸሚዙ ሾልኮ ወጣ፤
«ዘለለው» ይላል።
ሃያ ሦስት ሊሞላው ሁለት ዓመት ይቀረዋል።
ስለ አያቱ ሲጠይቀኝ «ገበሬ ነበር» እለው ነበር፣ ዓመቱን ሙሉ ስዋሽ።
ዛሬ ሳይጠይቀኝ ጡጫዬን ጨበጥኩ፣ መዳፌን መታሁ፣
ጉንጬን ነፍቼ እፍ አልኩበት።

«ከበሮ መቺ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። «እንደገና እይ።»